የስቴት ሕግ አውጪ ምንድን ነው?

አሜሪካ ውስጥ የአንድ ስቴት (የአንድ ክፍለ ግዛት) ሴናተር ስለ ውጭ ጉዳይ ሁለት መስመር ይጽፋል። በነጋታው «የአሜሪካ ሴኔት አቋሙን ቀየረ» የሚል ዜና ይዞራል። ይህን ደጋግሜ ስላየሁ ዝም ማለት አቃተኝ። ሰው እኮ በእንዲህ ያለ ወሬ ተስፋ ያደርጋል፣ ይደነግጣል፣ ገንዘብም ያዋጣል።

አንድ ተንታኝ ደግሞ ላስተካክል ብሎ ነገሩን አባሰው። የስቴት ሴናተር ማለት ጀማሪ ሴናተር ነው አለ። ዋሽንግተን ገና ያልደረሰ፣ አለቆቹ ኮንግረስ (የፌዴራሉ ሕግ አውጪ) ውስጥ የተቀመጡ። በፍጹም! የስቴት ሕግ አውጪ ዋሽንግተን ውስጥ አለቃ የለውም። 50ዎቹ ስቴቶች እያንዳንዳቸው የራሳቸው ሕገ መንግሥት፣ የራሳቸው አገረ ገዢ፣ የራሳቸው ምክር ቤት አላቸው። በእነዚህ ምክር ቤቶች ከ7,300 በላይ ሰዎች ተመርጠው ይሠራሉ፤ የስቴት ሕግ አውጪ የሚባሉት እነዚህ ናቸው። 100ዎቹ የአሜሪካ ሴናተሮች ግን ከነዚህ ውስጥ የሉም። እንዲያውም 17ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ በ1913 እ.ኤ.አ. (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም እንዲሁ) እስኪጸድቅ ድረስ፣ ሕገ መንግሥቱ ሴናተሮችን የመምረጥ ሥልጣን የሰጠው ለስቴት ምክር ቤቶች ነበር።

የከተማ አውቶቡስ ሹፌርንና የአውሮፕላን አብራሪን አስቡ። ሁለቱም ሰው ያጓጉዛሉ። ሹፌሩ ግን የአብራሪ ለማጅ አይደለም። መንገዱም ፈቃዱም ሌላ ነው። ሹፌሩ ተነስቶ ባሕር ማዶ ልሻገር ቢል አይችልም። አብራሪውም መጥቶ የአውቶቡሱን መሪ አይነጥቀውም። ደግሞ አብዛኛው ሰው አውሮፕላን የሚሳፈረው አልፎ አልፎ ነው። አውቶቡስ ግን ጠዋት ማታ ነው።

አውቶቡሱ የሚጭነውን እንይ። የመንጃ ፈቃድ፣ ጋብቻና ፍቺ፣ የቤት ኪራይ ሕግ፣ የመንግሥት ትምህርት ቤት በጀት፣ የነርስና የጠበቃ የሙያ ፈቃድ። ሰው የገደለ ስንት ዓመት እንደሚታሰር፣ የሞት ቅጣት ይኑር አይኑር የሚለውም በአብዛኛው የስቴት ጉዳይ ነው። ቪዛ፣ ግሪን ካርድ፣ ማዕቀብ፣ የውጭ ጉዳይ ግን የአውሮፕላኑ ጭነት ነው።

እርግጥ ነው፣ የፌዴራልና የስቴት ሕግ ከተጋጩ የፌዴራሉ ይበልጣል። ይህን ይዞ «ያው አለቃቸው ነው» የሚል አይጠፋም። ግን ኮንግረስ የስቴት ምክር ቤትን «ይህን ሕግ አውጣ» ብሎ ሊያዝዘው እንደማይችል ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1992 ወስኗል። ማዘዝ ካልቻለ ምኑን አለቃ ሆነ?

ሹፌሩ ለመብረር የሞከረበት ጊዜም አለ። ማሳቹሴትስ የተባለችው ስቴት በ1996 በርማን (የዛሬዋን ምያንማር) ለመቅጣት ሕግ አወጣች። ከበርማ ጋር የሚነግዱ ኩባንያዎች ለስቴቱ መንግሥት ዕቃና አገልግሎት እንዳይሸጡ ገደበች። ዓላማው የሚደገፍ ነበር። በርማን ይገዛ የነበረው ወታደራዊ መንግሥት ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ግን በ2000 ሕጉን በሙሉ ድምፅ ሻረው። ኮንግረስና ፕሬዚዳንቱ በበርማ ላይ የያዙትን መንገድ ያደናቅፋል አለ። እንግዲህ የጸደቀ ሕግ እንዲህ ከሆነ፣ የአንድ ሴናተር መግለጫ ምን ያህል ክብደት እንዳለው አስቡት።

ስለ ኑሯቸውም የተሳሳተ ግምት አለ። ሕግ አውጪ ሲባል ሰው ባለ ጠጋ፣ በአጀብ የሚሄድ ይመስለዋል። ቴክሳስ ውስጥ የምክር ቤት አባል ደመወዝ በዓመት 7,200 ዶላር ነው። መደበኛ ጉባኤው የሚካሄደው በሁለት ዓመት አንዴ፣ ቢበዛ ለ140 ቀናት ነው። ኒው ሃምፕሻየር ውስጥ የታችኛው ምክር ቤት ብቻ 400 መቀመጫ አለው፤ ክፍያው በሁለት ዓመት 200 ዶላር ነው። በሌላ በኩል ኒው ዮርክ ከ140,000 ዶላር በላይ ትከፍላለች። ስለዚህ «የስቴት ሕግ አውጪ ይህን ያህል ያገኛል» የሚል ጥቅል ዓረፍተ ነገር ካያችሁ አትመኑት።

ክፍያው ትንሽ በሆነበት ቦታ አባላቱ ሌላ እንጀራ አላቸው። ጠበቃ፣ ገበሬ፣ ጡረተኛ፣ የራሱን ሥራ የሚሠራ ሰው ይበዛል። በፈረቃ የምትሠራ ነርስ ለወራት ሥራዋን ትታ የስቴቱ ዋና ከተማ ልትቀመጥ አትችልም። ይህ በጣም የሚያሳስበኝ ነገር ነው። ስለ ነርሶች የሚወሰነው ነርስ በሌለችበት ክፍል ይሆናል ማለት ነው።

ሥራው የሚታየው ኮሚቴ ውስጥ ነው። ነብራስካን ውሰዱ። ሌሎቹ ስቴቶች የላይኛና የታችኛ ምክር ቤት ሲኖራቸው፣ እዚያ ያለው አንድ ምክር ቤት ብቻ ነው፣ 49 አባላት፣ ሁሉም ሴናተር ይባላሉ፤ በምርጫ ወረቀቱ ላይም ፓርቲያቸው አይጻፍም። የሚቀርበው ረቂቅ ሕግ ሁሉ ሕዝብ የሚናገርበት ስብሰባ ያገኛል። ተናጋሪው ይቀመጣል፣ ለመዝገብ እንዲመች ስሙን ፊደል በፊደል ይጠራል፣ ሰዓቱን የሚጠብቅ መብራት ከፊቱ ይበራል። ቀይ ሲበራ ያበቃል። ሴናተሩ ደግሞ ቁጭ ብሎ ሲያዳምጥ ይውላል። ካሜራ ፊት የሚጮህ ፖለቲከኛ ብቻ ለለመደ ሰው ይህ አሰልቺ ሊመስል ይችላል። ሕጉ የሚቀረጸው ግን እዚህ ነው።

«ታዲያ ኦባማስ?» ይሉኛል። ጥሩ ምሳሌ ነው። ባራክ ኦባማ ከ1997 እስከ 2004 የኢሊኖይ ስቴት ሴናተር ነበር። በዚያው ጊዜ የሕግ ትምህርት ያስተምር ነበር። ኢሊኖይ ውስጥ ሞት ተፈርዶባቸው ንጹሕ መሆናቸው የተረጋገጠ 13 ሰዎች ተገኝተው፣ አገረ ገዢው በ2000 የሞት ቅጣት እንዳይፈጸም አግዶ ነበር። ኦባማ በግድያ የተጠረጠረ ሰው ሲመረመር ምርመራው እንዲቀረጽ የሚያስገድድ ረቂቅ ይዞ ተነሳ። ፖሊሶችና ዐቃቤ ሕጎች ተቃወሙ። አብሯቸው ተቀምጦ አንቀጽ በአንቀጽ ተከራከረ። በ2003 ሕግ ሆነ። ይህን ሥራ የሠራው እንደ ስቴት ሴናተር ነው። በ2000 ለኮንግረስ ተወዳድሮ በራሱ ፓርቲ ምርጫ ተሸንፏል። በ2004 ለአሜሪካ ሴኔት ያሸነፈው በመላው ኢሊኖይ አዲስ ውድድር ገብቶ ነው። እድገት የሰጠው የለም። ሹፌሩ አብራሪ የሆነው ሌላ ፈተና አልፎ ነው። ኢልሃን ኦማርም እንዲሁ፤ በ2016 ለሚኒሶታ ምክር ቤት፣ በ2018 ደግሞ ለኮንግረስ ተመርጣለች። ብዙዎቹ ግን እዚያው ስቴታቸው ውስጥ አገልግለው ይጨርሳሉ፤ ያ ደግሞ ውድቀት አይደለም።

ዜናው ውስጥ ሴናተር የሚል ካያችሁ ቁጥር ፈልጉ። ኦባማ ኢሊኖይ ውስጥ የ13ኛው ምርጫ ክልል ሴናተር ነበር። የአሜሪካ ሴናተር መላውን ስቴት ስለሚወክል የምርጫ ክልል ቁጥር የለውም። ቁጥሩ ካለ ሰውየው የስቴት ሴናተር ነው። ስለ ሙያ ፈቃዳችሁ ወይም ስለ ልጃችሁ ትምህርት ቤት ልትጽፉለት የሚገባው እሱ ነው። የቪዛ ጉዳይ ከሆነ ግን ደብዳቤው ወደ ኮንግረስ ተወካያችሁ ይሂድ።