ከአርባ አምስት በኋላ የሙቀት ወቅት አለባበስ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ልብስ ሰፊ ነኝ። የሚያዝያና የግንቦት ሰርግ ሲቃረብ ወደ ስፌት ቤቴ ከሚመጡት አብዛኞቹ ከአርባ አምስት ዓመት በላይ የሆኑ ሴቶች ናቸው። ሰርጉ ድሬዳዋ ከሆነ ጭንቀቱ ይበረታል፤ አዲስ አበባ ላይ ሲመሽ ሹራብ በምንደርብበት በግንቦት ወር ድሬዳዋ ቀን ቀን 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ትደርሳለች። «በዚህ ዕድሜዬ ምን ያምርብኛል?» ይሉኛል፤ መልስ ሳልሰጥ ደግሞ ራሳቸው የማይለብሱትን መቁጠር ይጀምራሉ። ከምሰማቸው ውስጥ ብዙዎቹ ስህተት ናቸው።

«ሰፊ ልብስ ውፍረትን ይደብቃል»

አንዲት የሃምሳ ሁለት ዓመት ደንበኛዬ ከልኳ በሁለት ቁጥር የሚበልጥ ቀሚስ ገዝታ «ትንሽ አሳጥሪልኝ» ብላ መጣች። መስታወት ፊት አቆምኳት። የትከሻው ስፌት ከአጥንቷ ሦስት ጣት ያህል ወርዶ ክንዷ ላይ ተኝቷል፤ ጨርቁ ከደረቷ ተነሥቶ እስከ ጉልበቷ እንደ መጋረጃ ተንጠልጥሏል። እሷም ቦርሳዋን ሆዷ ላይ አስደግፋ በሁለት እጇ ይዛለች። ርዝመቱን ተውኩትና ትከሻውን ወደ አጥንቱ መልሼ በስፒል ያዝኩት። ብብቱን አጠበብኩ፤ ከጀርባዋ ግራና ቀኝ ሁለት ሁለት ጣት ሰበሰብኩ። ወገቡን አልነካሁትም። ወደ ጎን ዞር ብላ ራሷን ብዙ ተመለከተች፤ ከዚያ ቦርሳዋን ወንበሩ ላይ አስቀመጠችው።

የተመልካች ዓይን የልብሱን ዳር የሰውነት ዳር አድርጎ ይወስደዋል። ጨርቁ ከደረት ተንጠልጥሎ ሲወርድ ከሥሩ ያለው ባዶ ቦታ ሁሉ ሰውነት መስሎ ይታያል። ደግሞም በዚህ ዕድሜ ሰውነት የሚለወጠው በየቦታው እኩል አይደለም። ኤስትሮጅን የተባለው ሆርሞን ሲቀንስ ቀድሞ ዳሌና ጭን ላይ ይቀመጥ የነበረው ስብ ወደ ሆድ ያደላል፤ የትከሻ አጥንት ግን ቦታውን አይለቅም። ስለዚህ ልብሱ ትከሻ ላይ በልክ ይቀመጥ፣ ከደረት በታች ይለቀቅ።

«የድሬዳዋ ሴቶች ድሪያ ሰፊ አይደለም ወይ?» ለሚል፣ አዎን ሰፊ ነው። ጨርቁ ግን ስስ ሆኖ ስለሚፈስ ሰውነትን ተከትሎ ይንቀሳቀሳል፣ አየርም ያስገባል። ያንኑ ቅድ በወፍራም ጨርቅ ብትሰፉት ድንኳን ይሆናል።

«ስስ ጨርቅ ሁሉ ቀዝቃዛ ነው»

ይህ ስህተት ብዙ ሴቶችን ሰርግ ላይ ሲያሠቃይ አይቻለሁ። በእጅ ሲይዙት እንደ ላባ የሚቀለው፣ አበባ የታተመበት ጨርቅ ብዙ ጊዜ ፖሊስተር ነው። ፖሊስተር ከነዳጅ ዘይት ተዋጽኦ የሚሠራ ፕላስቲክ ነው፤ በተለመደው የአየር እርጥበት ከክብደቱ 0.4 በመቶ ያህል ውኃ ብቻ ይይዛል። ጥጥ 8.5፣ ሊነን 12፣ ከእንጨት የሚሠራው ቪስኮስ ደግሞ 13 በመቶ አካባቢ ይይዛሉ። ላባችሁን የሚጠጣው ጨርቅ ቆዳችሁን ያሳርፋል፤ የማይጠጣው ጀርባ ላይ ይለጠፋል። ሊነንን ባዕድ አድርጋችሁ አትዩት፤ የሚፈተለው ፍሬዋን ቆልተን ከምንበጠብጣት ከተልባ ግንድ ነው።

መርካቶ «ንጹሕ ጥጥ ነው» ተብሎ ሲሸጥላችሁ ከዳሩ አንድ ክር ለምኑና ቤት ወስዳችሁ በጥንቃቄ ለኩሱት። ጥጥ ከሆነ እንደ ወረቀት ይሸታል፣ በጣት ሲነካ የሚበን አመድ ይተዋል። ፖሊስተር ከሆነ ቀልጦ እንደ ዶቃ የጠነከረ ነገር ይሆናል።

የገበሩንም ነገር አትርሱ። ስንት ጊዜ ነው ከውጭ ያማረ የጥጥ ቀሚስ ፈትቼ ከውስጡ የፖሊስተር ገበር ያገኘሁት! ቆዳን የሚነካው ገበሩ ነው። ሰፊያችሁን «ገበሩ ጥጥ ይሁን» በሏት፤ ልብሱ የማያሳይ ከሆነ ደግሞ ከወገብ በላይ ገበር ባይኖረውም ይቻላል።

«ጥቁር በሙቀት አይለበስም»

እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1980 ኔቸር በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት የሲና በረሃ ዘላኖች ለምን ጥቁር ቀሚስ እንደሚለብሱ መርምሮ ነበር። ጥቁሩ ቀሚስ ከነጩ የበለጠ ሙቀት ይስባል፤ ነገር ግን ቀሚሱ ሰፊና ነፋስ የሚገባው በመሆኑ ትርፉ ሙቀት ቆዳ ላይ ሳይደርስ ይወጣል። ጠበብ ባለ ልብስ ግን ይህ አይሠራም።

እኔን የሚያሳስበኝ ጥቁሩ ከፊት አጠገብ ሲሆን ነው። ከሃምሳ በኋላ በብዙ ሴቶች ላይ የዓይን ሥር ጥላን ያጎላል። ነጭ ነጠላ አንገት ላይ ጣል ሲደረግ ግን ብርሃኑን ወደ ፊት ይመልሳል፤ እናቶቻችን ይህን ያወቁት ያለ አስተማሪ ነው።

«አግድም መስመር ያወፍራል»

አያወፍርም። ሄርማን ፎን ሄልምሆልትዝ የተባለው ጀርመናዊ ሳይንቲስት በ19ኛው ክፍለ ዘመን አግድም መስመር የተሠራበት አራት ማዕዘን ይበልጥ ረዝሞ እንደሚታይ ጽፏል፤ በእንግሊዝ የዮርክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችም እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2011 በሴቶች ምስል ፈትነው አግድም መስመር እንደማያወፍር አሳይተዋል። የወደዳችሁትን መስመር ልበሱ።

«ከአርባ በኋላ ክንድ አይታይም»

ክንዷን መሸፈን የምትፈልግ ትሸፍን፤ ዕድሜ ግን አያስገድዳትም። የሚያስቀይመው እጅጌው የሚያልቅበት ቦታ ነው። እጅጌ የክንዱ ወፍራም ቦታ ላይ ሲቆረጥ ዓይን እዚያው ይቆማል፤ ከክርን ከፍ ብሎ ሲያልቅ ወይም ጨርሶ ሳይኖር ሲቀር ክንዱ ይረዝማል።

ረጅምና ስስ የጥጥ እጅጌ ያለው ሌላ ጥቅም ፀሐይን መከላከሉ ነው። ከፍታ በ1,000 ሜትር ሲጨምር አልትራቫዮሌት ጨረር በ10 በመቶ ያህል ይጨምራል፤ አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ቀዝቅዞም ፀሐይዋ ቆዳ ታቃጥላለች።

«ያላበኝ ልብሱ ነው»

ይህን የሚሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው። ማረጥ አብዛኛውን ጊዜ ከ45 እስከ 55 ባለው ዕድሜ ይመጣል፤ ከደረት ተነሥቶ ፊት ላይ የሚወጣው ድንገተኛ ትኩሳት ለዓመታት ሊመላለስ ይችላል። ለዚህ ሕክምና ስላለ እንቅልፍ የሚነሳ ከሆነ ሐኪም አማክሩ። ልብሱ በበኩሉ ሊያግዝ ይችላል፦ አንገቱ ከፈት ያለ፣ ከፊት በቁልፍ የሚከፈት፣ ከአንድ ወፍራም ይልቅ ሁለት ስስ። ድሬዳዋ ሰርግ ለምትሄድ ለአንዲት ደንበኛዬ የሰፋሁላት እጅጌ የሌለው የጥጥ ቀሚስና በላዩ የሚደረብ ስስ ካፖርት ነበር፤ ካፖርቱ ላይ አንድም ቁልፍ አላደረግሁም፣ ትኩሳቱ ሲነሣባት በአንድ እጇ እንድታወልቀው።