የስፖት ብየዳ ጫፍ ለምን ይላሽቃል? የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ከቃሊቲ እስከ ገላን ባሉት ወርክሾፖች ላሜራ በስፖት የሚበይድ ሰው ይህን ችግር ያውቀዋል። ማሽኑ ሁለቱን ላሜራ በመዳብ ጫፎች መሃል ጨምቆ ከፍተኛ ከረንት ይለቅበታል። ጫፉ ውሎ አድሮ ይደፈጠጥና እንደ እንጉዳይ ይሰፋል። ከረንቱ ስለሚበተን የብየዳው ነጥብ በደንብ አይይዝም። ለዚህ መፍትሔ ተብሎ ደቃቅ የሴራሚክ ቅንጣት ስለገባበት የጫፍ መዳብ የሚወራው ብዙ ነው፤ አብዛኛው ግን ልክ አይደለም።

„መዳብ እስኪቀልጥ ድረስ ምንም አይሆንም።“

መዳብ የሚቀልጠው 1085 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ነው፤ የሚላሽቀው ግን ከዚያ በጣም ቀድሞ ነው። ንጹሕ መዳብ ተቀጥቅጦ ወይም ተስቦ ያገኘውን ጥንካሬ ከ200 እስከ 300 ዲግሪ አካባቢ ማጣት ይጀምራል።

„ክሮምና ዚርኮኒየም ያለው መዳብ ካለ ሌላ አያስፈልግም።“

ለተራ ላሜራ እኔም የምመክረው እሱኑ ነው። ችግሩ የሚመጣው ሙቀቱ ሲበዛ ነው። ለዚህ መዳብ ጥንካሬ የሚሰጡት የክሮምና የዚርኮኒየም ቅንጣቶች ከ500 ዲግሪ በላይ ሲቆዩ ያድጋሉ፣ ይራራቃሉ፣ ሙቀቱ ከጨመረም ተመልሰው መዳቡ ውስጥ ይሟሟሉ። አሉሚና (የአሉሚኒየም ኦክሳይድ) የሚባለው ሴራሚክ ግን ጠጣር መዳብ ውስጥ አይሟሟም። ስለዚህ አሉሚና ያለበት መዳብ 900 ዲግሪ ድረስ ግሎ ሲቀዘቅዝም አብዛኛው ጥንካሬ አብሮት ይኖራል። ጋልቫናይዝድ (ዚንክ የተቀባ) ላሜራ ላይ ደግሞ ጫፉ ቶሎ ቶሎ አይጣበቅም።

„ሴራሚክ ከገባበት ከረንት አያሳልፍም“ የሚሉም አሉ። ሴራሚኩ ብቻውን አያሳልፍም፣ እውነት ነው። ነገር ግን መጠኑ ትንሽ ነው። በክብደት 0.3 በመቶ አሉሚና ያለው መዳብ የንጹሑን መዳብ 90 በመቶ ገደማ ያስተላልፋል። 30 በመቶ ዚንክ ያለበት ናስ 28 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ከረንቱን ይበልጥ የሚያደናቅፈው እንደ ዚንኩ መዳቡ ውስጥ የሟሟው ነገር ነው።

„ቅንጣቱ ትልቅ ሲሆን ይበረታል“ የሚለውም ተቃራኒው ነው ልክ። መዳቡ የሚጎብጠው የአቶም ረድፎች ሲንሸራተቱ ነው፤ እነሱን ለመያዝ ደቃቅና የተቀራረቡ ቅንጣቶች ያስፈልጋሉ። መጠናቸው በናኖሜትር ነው የሚለካው።

ከሁሉም በላይ ገንዘብ የሚያስበላው ግን ይሄኛው ነው፦ „ያለቀውን ጫፍ አቅልጬ እንደገና አፈሰዋለሁ።“ ወይም „የቀለጠ መዳብ ላይ የአሉሚና ዱቄት እጨምራለሁ።“

አይሆንም። አሉሚናው ከተፈጠረበት በኋላ ይህ መዳብ ጨርሶ አይቀልጥም። ትንሽ አሉሚኒየም ያለበት የመዳብ ዱቄት ከመዳብ ኦክሳይድ ጋር ተደባልቆ ይሞቃል። ኦክሲጅኑ ወደ ውስጥ ሰርጎ አሉሚኒየሙን ያገኘዋል፤ አሉሚናውም እዚያው መዳቡ ውስጥ ይፈጠራል። ከዚያ ዱቄቱ ታሽጎ በሙቀት እየተገፋ በቀዳዳ ይወጣና ዘንግ ይሆናል። ይህን ዘንግ ካቀለጡት ቅንጣቶቹ ይሰባሰባሉ። አሉሚና ከመዳብ በግማሽ ይቀላልና ወደ ላይ ተንሳፍፎ ከዝቃጩ ጋር ይወጣል። የሚተርፈው ተራ መዳብ ነው። በብየዳ የቀለጠ ቦታም ያው ነው። ስለዚህ የተደፈጠጠውን ጫፍ ቶርኖ ላይ አስገብታችሁ ቅርጹን መልሱለት፤ ሲያልቅ ለቆራሌው።

„ይሄኛው ሙቀት ስለሚችል ውኃ አያስፈልገውም“ የሚልም ሰምቻለሁ። ያስፈልገዋል፣ በደንብ። ጫፉን ስትቀይሩ የውስጡ የውኃ ቱቦ እስከ ጫፉ ጀርባ መድረሱን እዩ። አጥሮ ከቀረ ውኃው ከሩቅ ይመለሳል፤ ጫፉም ያለ ማቀዝቀዣ ይሠራል።