የድሮ ኮምፒውተር ቦርድን እንደገና መሥራት ምንድን ነው?

ኮሞዶር የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1987 ለገበያ ያቀረበውን አሚጋ 2000 ኮምፒውተር ዛሬ የሚከፍት ሰው ዓይኑ ቶሎ የሚሄደው ወደ ባትሪው ነው። ኮምፒውተሩ ሲጠፋ ሰዓቱ እንዳይቆም ተብላ ቺፖቹን ሁሉ በሚያገናኘው ዋና ቦርድ (ማዘርቦርድ) ላይ የተበየደች ባለ 3.6 ቮልት የኒኬል ካድሚየም ባትሪ ናት። ስታረጅ ታፈሳለች። የሚወጣው ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ በአረንጓዴው ሽፋን ሥር ሰርጎ የመዳቡን መስመር ይበላዋል። ቦርዱ ነቀዝ እንደ ገባበት ባቄላ ላዩ ደህና መስሎ ውስጡ ያልቃል።

ቺፖቹ ግን ብዙ ጊዜ ይተርፋሉ። ምስሉንና ድምፁን የሚያስተናግዱት አግነስ፣ ዴኒስና ፓውላ የተባሉት ቺፖች ለአሚጋ ብቻ የተሠሩ ናቸው፤ ኮሞዶርም እ.ኤ.አ. በ1994 ከስሯል። ስለዚህ የድሮ ኮምፒውተር ወዳዶች ቦርዱን ከዋናው ቀድተው አዲስ ያሠራሉ፤ ቺፖቹንም ከሞተው ነቅለው ወደ አዲሱ ያዛውራሉ። ቦርድን እንደገና መሥራት የሚባለው ይህ ነው። ኮምፒውተሩን በሶፍትዌር ከሚያስመስለው ኢሙሌተር ይለያል፤ እዚህ ኤሌክትሪኩ የሚሄደው በድሮው መንገድ፣ በድሮዎቹ ቺፖች ውስጥ ነው።

ከሁሉም የሚከብደው መቅዳቱ ነው። ሶኬቱ፣ ሬዚስተሩ፣ ካፓሲተሩ ሁሉ ተነቅሎ ባዶው ቦርድ በሁለቱም ገጹ በስካነር ይነሣል። ምስሉ ኪካድን በመሰለ የቦርድ መንደፊያ ፕሮግራም ላይ ይነጠፍና እያንዳንዱ መስመር በላዩ ይሣላል። ቦርዱ ከሁለት በላይ ንብርብር ካለው የውስጡ መዳብ አይታይም፤ በብርጭቆ ወረቀት እየፈገፈጉ እስከ ውስጥ መውረድ ግድ ይላል። አንዱ ቦርድ ለሌሎቹ ይሠዋል ማለት ነው። ለዚህ መመረጥ ያለበት መዳን የማይችል ቦርድ ብቻ ነው፤ ደህናውን መፈግፈግ ጥፋት ነው።

ቀጥሎ መልቲሜትር የሚባለውን የኤሌክትሪክ መለኪያ ይዞ ከነጥብ ወደ ነጥብ እየነኩ፣ ነጥቦቹ ሲገናኙ የሚያሰማውን ጩኸት እየሰሙ፣ ከሰርኪዩት ሥዕሉ ጋር ማመሳከር ነው። አንድ መስመር ብትዘለል ስክሪኑ ጨለማ ሆኖ ሊቀር ይችላል። ይህን ትዕግሥት በጣም አከብረዋለሁ። ያለቀው ሥራ ገርበር በሚባል የቦርድ ሥዕል ፋይል ወደ ቦርድ ፋብሪካ ይላካል፤ የቀረው ብየዳ ነው።

ሁሉንም እንዳለ መቅዳት ግን ግዴታ አይደለም። በባትሪዋ ቦታ ሳንቲም የምታህል ሊቲየም ባትሪ የሚያስገቡ አሉ። ይህቺ ቻርጅ የምትደረግ ስላልሆነች ወደ እሷ የሚመጣውን ኤሌክትሪክ በዳዮድ፣ ማለትም ኤሌክትሪክን በአንድ አቅጣጫ ብቻ በሚያሳልፍ ዕቃ፣ መዝጋት ያስፈልጋል።

አንድ ነገር ግን መዘለል የለበትም። እ.ኤ.አ. በ1976 ከተሠሩት 200 ያህል አፕል 1 ኮምፒውተሮች አንዱ እ.ኤ.አ. በ2014 በ905,000 ዶላር ተሽጧል። የአፕል 1 ቦርድም በወዳዶች እጅ ይቀዳል፤ ቅጂው እንደ ዋናው ሊሸጥ ይችላል። ስለዚህ ቅጂ መሆኑንና የተሠራበትን ዓመት ቦርዱ ላይ መጻፍ ይገባል። በቀለም የተጻፈ ይፋቃል፤ ጽሑፉ ከመስመሮቹ ጋር በመዳቡ ራሱ ይውጣ።