አደይ አበባ፣ የቡና አበባና የጅማ ልጅነታችን፦ ተሳስተን የያዝናቸው ነገሮች

ጅማ ነው ያደኩት። መስከረም በመጣ ቁጥር ሰው ስለ አበባውና ስለ በዓሉ ሲያወራ እሰማለሁ፣ ብዙው ልክ ነው፣ አንዳንዱ ግን ከልጅነታችን ጀምሮ ሳንጠይቅ የያዝነው ነው፣ እኔም አምኜው ነው ያደኩት። ስለዚ የማውቀውን ልበል።

«መስከረም ፀደይ ነው»

ሁላችንም እንላለን፣ ራድዮኑም ፖስት ካርዱም ይላል። በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ግን እስከ መስከረም 25 ገና ክረምት ነው። ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 መፀው ይባላል፣ ከዛ እስከ መጋቢት 25 በጋ፣ ፀደይ የሚባለው ደሞ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ያለው፣ ገበሬው በልግ የሚለው ጊዜ ነው። ለጅማ ልጅ ይሄ አይከብደውም፣ እኛ ጋ መስከረም ጠባ ተብሎ ዝናቡ አይቆምማ፣ ጥቅምት ድረስ ይዘንባል። የእንቁጣጣሽ ቀሚሳችን ጠርዙ ጭቃ ሳይነካው የዋለበትን ዓመት አላስታውስም።

«አደይ አበባ መስከረም 1 ቀን ጠብቃ ነው የምትፈነዳው»

ትልልቆቹ እንደዛ ይሉን ነበር፣ ደስ ይላል ግን አይደለም። ዘሯ በክረምቱ ዝናብ ይበቅላል፣ ዝናቡ ቀለል ሲልና ፀሐይ ሲበዛ ታብባለች፣ ቀኑም እንደ ቦታው ይለያያል። ደሞ ቢጫ የሆነ ሜዳ ሁሉ አደይ አይደለም፣ ፎቶ ላይ የምናየው ብዙ ጊዜ የኑግ ማሳ ወይም መጭ ነው፣ ሦስቱም የአንድ ቤተሰብ ናቸው። ሰፈራችን ኦሮምኛ የሚናገሩት ልጆች ኬሎ ነበር የሚሏት፣ እኛም እንደዛው እንላት ነበር። አንዷን ቅጠፉና መሀሏን ጠጋ ብላችሁ እዩ፣ ያ ቢጫ ክብ በጣም ትናንሽ አበቦች ተጠጋግተው የሠሩት ነው፣ አንድ አበባ የምንላት ብዙ አበባ ናት ማለት ነው። እኔ ይሄን ያወኩት ትልቅ ከሆንኩ በኋላ ነው።

«አበባየሆሽ የክርስቲያን ልጆች ብቻ ነው»

እኛ ሰፈር አልነበረም። ከበሮውን የምትመታው ጎረቤታችን የሙስሊም ልጅ ነበረች፣ ለኢድ ደሞ እኛ እነሱ ቤት ነበርን።

«መስቀሉ የተገኘው መስከረም 17 ነው»

ደመራው በዋዜማው መስከረም 16 ስለሚለኮስና በዓሉ 17 ስለሚውል እንደዛ ይመስለናል። በቤተ ክርስቲያናችን ትውፊት ግን ንግሥት እሌኒ ቁፋሮውን ያስጀመረችው መስከረም 17 ነው፣ መስቀሉ የተገኘው መጋቢት 10 ነው። መጋቢት 10 ዐቢይ ጾም ላይ ስለሚውል በዓሉ በድምቀት የሚከበረው መስከረም ላይ ሆነ። ይቺን ቀን ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

«ጽጌ የአበባ በዓል ነው፣ አበባ ማክበር ነው»

ይሄ ነው በጣም የሚያሳዝነኝ፣ ምክንያቱም ከውጪ ያለው ሰው ብቻ ሳይሆን እኛም እንደዛ እንናገራለን። ዘመነ ጽጌ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ድረስ 40 ቀን ነው፣ የሚታሰበውም እመቤታችን ልጇን ይዛ ከሄሮድስ ሸሽታ ግብፅ የተሰደደችበት ነው። አበባው ምሳሌ ነው። ኢሳይያስ 11፡1 ላይ ግዕዙ ከእሴይ ሥር በትር ትወጣለች ከእርሷም ጽጌ ይወጣል ይላል፣ በትሯ እሷ ናት ጽጌው ክርስቶስ ነው ብለው አባቶች ያስተምራሉ። የ1954ቱ አማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ቁጥቋጦ ስለሚል አበባው አይታየንም። ጾሙም ቢሆን የፈቃድ ነው እንጂ ከሰባቱ አጽዋማት አይደለም፣ ያልጾመን ሰው መገሠጽ ተገቢ አይመስለኝም። አያቴ ግን ትጾመው ነበር፣ ቅዳሜ ማታ ጋቢዋን ደርባ ለማኅሌት ትሄዳለች፣ እሁድ ጠዋት ስትመለስ እጣን እጣን ትሸታለች።

«የጅማ አበባ አደይ ብቻ ነው»

አይደለም፣ የቡና አበባም አለን። በጋው ደርቆ ከርሞ በየካቲትና በመጋቢት አንድ ጥሩ ዝናብ ከጣለ ሳምንት አለፍ ሲል ቅርንጫፉ በሙሉ ነጭ ይለብሳል፣ ሽታው ጃስሚን ነው የሚመስለው፣ በሁለት ሦስት ቀን ደሞ ይረግፋል። አንዴ ጓሮ ካለው ቡና አንድ ዘለላ ሰብሬ ለቤተ ክርስቲያን ብዬ ይዤ ስመጣ አያቴ አየችኝ። አልመታችኝም፣ እጄን ይዛ ወደ ቡናው ወሰደችኝና የረገፈ አበባ ሥር ያለችውን የክብሪት ጫፍ የምታክል አረንጓዴ ነገር አሳየችኝ፣ «ይቺ ናት ቡናዋ፣ አንድ አበባ አንድ ፍሬ ነው፣ የያዝሽው የመስቀል ማግስት የምንለቅመውን ነው» አለችኝ።

መጋቢት 10 ያልኳችሁ ለዚ ነው። መስቀሉ ተገኘ የሚባልበት ቀን እኛ ጋ ጾም ነው፣ ከበሮ የለም፣ ደመራ የለም፣ ዝናቡ ቀድሞ ከጣለ ግን ጓሮው በሙሉ ነጭ ነው።