«ሞዴሉ ፊት አድርጓል»፦ ስለ ስትራክቸራል ኢኩዌሽን ሞዴሊንግ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ደብረ ብርሃንም ይሁን ሌላ ከተማ፣ የማስተርስ ዲፌንስ ላይ ከሚደጋገሙ አባባሎች አንዱ «ሞዴሉ ፊት አድርጓል» (ከዳታው ጋር ገጥሟል) የሚለው ነው። ብዙውን ጊዜ ከዚያ በኋላ የሚጠይቅ የለም። ጥያቄው መጀመር ያለበት ግን እዚያ ላይ ነው።

ስትራክቸራል ኢኩዌሽን ሞዴሊንግ በቀጥታ የማይታዩ ነገሮችን፣ እንደ አመለካከት ያሉትን፣ በመጠይቅ ለክቶ በመካከላቸው አለ የተባለውን ግንኙነት በቀስት የሚያሳይና ከዳታው ጋር የሚያነጻጽር የስታቲስቲክስ ዘዴ ነው። ነገሩን በአንድ ምሳሌ እንያዘው። ሞረትና ጅሩ፣ እነዋሪ ዙሪያ፣ መሬቱ ዋልካ ነው፤ ክረምት ላይ ውሃ ያቁራል። ስንዴው እንዳይታፈን ሰፊ መደብና ቦይ አውጥቶ ትርፉን ውሃ ማንጣፈፍ ያስፈልጋል። አንዲት ተማሪ ገበሬው ይህን አሠራር ለመጠቀም ያለው ፍላጎት ከምን እንደሚመጣ ልታጠና ተነሣች እንበል። ሦስት ምክንያቶች ይዛለች፦ ለአሠራሩ ያለው አመለካከት፣ የጎረቤትና የዘመድ ግፊት፣ «አቅሙ አለኝ» ብሎ ማመኑ። ከሦስቱም ወደ ፍላጎት ቀስት ይወጣል። አራቱም ፋክተሮች (ሦስቱ ምክንያቶችና ፍላጎቱ፣ በቀጥታ የማይታዩና በጥያቄ የሚለኩ) እያንዳንዳቸው በሦስት ጥያቄ፣ በአምስት ደረጃ ሚዛን ይለካሉ፤ በድምሩ 12 ጥያቄ። ከዚህ በታች የሚመጡት የናሙናና የውጤት ቁጥሮች ለማስረዳት የተሰሉ ናቸው እንጂ ከመስክ የተሰበሰቡ አይደሉም።

«ሞዴሉ ፊት ካደረገ ቀስቶቹ ተረጋግጠዋል»

ከሁሉም የሚብሰው ይህ ስለሆነ በቁጥር እንየው። 12 ጥያቄዎች 12×13÷2፣ ማለትም 78 ቫሪያንስና ኮቫሪያንስ (የየጥያቄው መልስ መለያየትና የጥንዶቹ አብሮ መለዋወጥ) ይሰጣሉ። ሞዴሉ የሚገምተውን ደግሞ እንቁጠር፦ 8 ሎዲንግ፣ ማለትም ጥያቄው ከፋክተሩ ጋር ያለው ትስስር ጥንካሬ (የየፋክተሩ የመጀመሪያ ጥያቄ 1 ላይ ስለሚታሰር 12 አይሆንም)፣ 12 የስህተት ቫሪያንስ (የየጥያቄው በፋክተሩ ያልተብራራ ክፍል)፣ የሦስቱ ምክንያቶች 3 ቫሪያንስ፣ በመካከላቸው ያለ 3 ኮቫሪያንስ፣ 3 ቀስት፣ በቀስቶቹ ያልተብራራው የፍላጎት ክፍል 1። ድምሩ 30። ከ78 ላይ 30 ሲነሣ 48 ዲግሪ ኦፍ ፍሪደም (ሞዴሉ የሚፈተንበት ትርፍ መረጃ) ይቀራል።

አሁን ቀስቶቹን በሙሉ እናጥፋና አራቱ ፋክተሮች እርስ በርስ እንዲዛመዱ ብቻ እንፍቀድ፤ ተራ ሲኤፍኤ (መለኪያውን ብቻ የሚፈትን የፋክተር ትንተና) ማለት ነው። 8 ሎዲንግ፣ 12 ስህተት፣ 4 ቫሪያንስ፣ 6 ኮቫሪያንስ፤ እንደገና 30፣ ቀሪው እንደገና 48። የሁለቱ ሞዴሎች የፊት ቁጥሮች፣ ማለትም ካይ ስኩዌር (ሲያንስ ይሻላል)፣ ሲኤፍአይ (ወደ 1 ሲጠጋ ይሻላል)፣ አርኤምኤስኢኤ (ወደ ዜሮ ሲጠጋ ይሻላል) እስከ መጨረሻዋ ዴሲማል አንድ ነው። 48ቱም ዲግሪ የመለኪያው ነው፤ ጥያቄዎቹ በየፋክተራቸው ሥር መግባታቸውን ይፈትናል። ስለ ሦስቱ ቀስቶች የፊት ቁጥሩ አንዲት ቃል አልተናገረም። ቀስቱን ገልብጠው ከፍላጎት ወደ አመለካከት ቢያደርጉትም («ለመሥራት የቆረጠ ሰው አመለካከቱን ያስተካክላል» የሚለውም እኮ ያስኬዳል) አመለካከት ከግፊትና ከአቅም ጋር ያለው ዝምድና እስካልተከለከለ ድረስ ያው ካይ ስኩዌር ይወጣል። ብዙ ቴሲሶች «የመለኪያ ሞዴል» እና «የመዋቅር ሞዴል» ብለው ሁለት ሠንጠረዥ ሲያቀርቡ ቁጥሮቹ አንድ የሚሆኑት በዚህ ነው። ያን ያየ መርማሪ ሊጠይቅበት ይገባል።

መፍትሔው ሞዴሉ የሚከለክለው ነገር እንዲኖር ማድረግ ነው። ግንቦት ላይ ፍላጎቱን ጠይቆ፣ ነሐሴ መጨረሻ ላይ ማሳው ድረስ ሄዶ ስንት ጥማድ ላይ መደብ እንደወጣ መቁጠር። ከዚያ ወደዚህ አምስተኛ ነገር ቀስት የሚገባው ከፍላጎትና ከአቅም ብቻ እንደሆነ ይወሰናል። የቀሩት ሁለት ቀስቶች፣ ከአመለካከትና ከግፊት በቀጥታ የሚመጡት፣ ዜሮ ናቸው የሚል ግልጽ አቋም ተያዘ። ሁለቱን ቀስቶች ፈቅዶና ከልክሎ የካይ ስኩዌሩን ልዩነት ማየት ይቻላል፤ በ2 ዲግሪ ከ5.99 በላይ ከሆነ አቋሙ አልቆመም። ጊዜውም ተለያይቷል፤ ነሐሴ ግንቦትን አያመጣም።

የፓዝ አናሊሲስ (ምክንያቶችን በቀስት የሚያሳይ፣ የዚህ ዘዴ መነሻ) አባት የሆነው የዘረመል ተመራማሪ ሲዋል ራይት በ1921 (እ.ኤ.አ.) ጽሑፉ ዘዴው ከተዛምዶ ምክንያትን የሚያወጣ ሳይሆን አስቀድሞ ያለን የምክንያት ዕውቀት ከተዛምዶ ጋር የሚያጣምር መሆኑን ገልጿል። አንድ ምዕት ዓመት አልፎም ያልተሰማ ነገር ነው።

«በያማኔ ቀመር 375 ወጣልኝ፣ ናሙናው በቂ ነው»

የያማኔ ቀመር የናሙና መጠን ማስያ ነው። 6,000 አባወራ ባለበት ወረዳ በ0.05 ስህተት ቀመሩ 6000÷(1+6000×0.0025) = 375 ይሰጣል። ስሌቱ ልክ ነው፤ ጥያቄው ግን ሌላ ነው። ያ ቀመር የተሠራው አንድን መቶኛ፣ ለምሳሌ «ስንት በመቶው ይጠቀማል» የሚለውን፣ ከቀላል ዕጣ ናሙና ለመገመት ነው። ስንት ፋክተር እንዳለ፣ ሎዲንጉ 0.5 ይሁን 0.8፣ የሚፈለገው ቀስት ትንሽ ይሁን ትልቅ አያውቅም። «ለአንድ ፓራሜትር 10 ሰው» የሚለውም የልምድ ሕግ ነው፤ ከምንም ይሻላል፣ ከዚያ አያልፍም።

የሚበልጠው ጣጣ ደግሞ ከቀበሌ ይመጣል። 375ቱ ከ5 ቀበሌ 75 75 ሆነው ተወሰዱ እንበል። የአንድ ቀበሌ ሰዎች አንድ የልማት ሠራተኛ፣ አንድ ዓይነት አፈር፣ አንድ የግብዓት አቅርቦት ስላላቸው መልሳቸው ይመሳሰላል። ከጠቅላላው ልዩነት የቀበሌው ድርሻ 0.05 ብቻ ቢሆን እንኳ የዲዛይን ተፅዕኖው (ናሙናው በቡድን በመወሰዱ መረጃው ስንት እጥፍ እንደሚያንስ) 1+74×0.05 = 4.7 ነው። 375 ሰው የሚሰጠው መረጃ በግምት የ80 ሰው ያህል ይሆናል ማለት ነው። ያንኑ 375 ከ25 ቀበሌ 15 15 አድርገው ቢወስዱት ተፅዕኖው 1.7፣ ውጤቱም ወደ 220 ይጠጋል። የመኪና ወጪው ይጨምራል፤ ግን ገንዘቡ መውጣት ያለበት እዚያ ላይ ነው። ሲተነተንም ቀበሌው ክላስተር (አብሮ የተወሰደ ቡድን) መሆኑን ለሶፍትዌሩ መንገር ያስፈልጋል፤ በ5 ክላስተር ግን ይህ እርማት ራሱ አይታመንም።

በቂውን ቁጥር ለማወቅ የሚሻለው ሲሙሌሽን ነው። ሎዲንጉን 0.6፣ የሚጠበቀውን ቀስት 0.2 አድርጎ፣ አር በተባለው ሶፍትዌር ላይ በላቫን (ለዚህ ትንተና በተሠራው ጥቅል) 1,000 ሰው ሠራሽ ዳታ ማፍለቅ፣ ከ1,000ው ቢያንስ 800ው ላይ ቀስቱ ሲግኒፊካንት (በአጋጣሚ የመጣ የማይመስል) የሚሆንበትን የናሙና መጠን መያዝ። ኮምፒውተሩ ላይ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው።

«ካይ ስኩዌር ናሙና ሲበዛ ሁሌም ስለሚጥል አይታይም»

ሞዴሉ በትክክል ልክ ከሆነ የካይ ስኩዌር አማካይ ዋጋ ከዲግሪ ኦፍ ፍሪደሙ ጋር እኩል ነው፤ ናሙናው 300ም ሆነ 3,000 በዚህ አይለወጥም። ናሙና ሲጨምር ካይ ስኩዌር የሚያድገው ሞዴሉ ውስጥ ስህተት ሲኖር ነው። ትልቅ ናሙና ትንሿን ስህተት ያሳያል፤ ስህተት አይፈጥርም።

በምሳሌአችን ካይ ስኩዌር 92 ቢወጣ ፒ ከ0.001 ያንሳል፤ ሞዴሉ ልክ ቢሆን ይህን ያህል ካይ ስኩዌር ከሺህ አንዴ እንኳ አይወጣም ማለት ነው። አርኤምኤስኢኤ ደግሞ (92−48)÷(48×374) ተሰልቶ ስኩዌር ሩቱ ሲወሰድ 0.05 ገደማ ነው፤ የዘዴው ተመራማሪዎች ሁ እና ቤንትለር በ1999 (እ.ኤ.አ.) ካስቀመጡት 0.06 በታች። ተማሪው ሁለተኛውን ይዞ የመጀመሪያውን ይጥላል። መደረግ ያለበት የሪሲዱዋል ተዛምዶ (ሞዴሉ ያላብራራው ተዛምዶ) ሠንጠረዡን መክፈት ነው። 66 ጥንድ ጥያቄ አለ፤ ከ0.10 የሚበልጡት የትኞቹ ናቸው? ሁሉም አንድ ጥያቄ ዙሪያ ከተሰበሰቡ ችግሩ ያ ጥያቄ ነው።

ሌላም አለ፤ ሲሰሙት የተገለበጠ ይመስላል። መለኪያው ሲደክም ፊቱ ያምራል። ሎዲንጎቹ 0.4 አካባቢ ከሆኑ ጥያቄዎቹ እርስ በርስ ብዙም አይዛመዱም፣ ስለዚህ ሞዴሉ የሚስተው ተዛምዶም ትንሽ ነው፤ አርኤምኤስኢኤም ዝቅ ይላል። ሎዲንጉን ሳያዩ በፊቱ መደሰት አይገባም።

«ሞዲፊኬሽን ኢንዴክስ የነገረኝን አስተካከልኩ»

ሞዲፊኬሽን ኢንዴክስ የትኛው መስመር ቢጨመር ፊቱ እንደሚሻሻል የሚጠቁም ቁጥር ነው። አሞስ በተባለው ሶፍትዌር ላይ የስህተት ክቦችን በቀስት እያገናኙ ሲኤፍአይን ከ0.91 ወደ 0.95 ማድረስ ይቻላል። እያንዳንዷ መስመር ግን ከዚያ ናሙና ውስጥ የተለቀመች ናት፤ በሌላ ናሙና ብዙዎቹ ይጠፋሉ። ሁለት ጥያቄዎች አንድ ሐረግ ስለሚጋሩ ወይም ተከታትለው ስለተጠየቁ ከሆነ መስመሯ ትቆያለች፣ ምክንያቱም ይጻፋል። የአመለካከት ጥያቄ ስህተት ከአቅም ጥያቄ ስህተት ጋር ተያይዞ ከሆነ ምክንያት ማግኘት ይከብዳል። ስንት መስመር እንደተጨመረና ከመጨመሩ በፊት የነበረው ፊት ስንት እንደነበር ሠንጠረዥ ውስጥ ይግባ። ይህን የማያሳይ ቴሲስ ፍለጋን እንደ ማረጋገጫ አድርጎ ያቀርባል።

«አልፋው ከ0.7 በላይ ስለሆነ መጠይቁ ጥሩ ነው»

ክሮንባክ አልፋ ጥያቄዎቹ አብረው ከፍና ዝቅ ማለታቸውን እንጂ ምን እንደሚለኩ አይናገርም። አንዱን ሐሳብ በሦስት አቀራረብ ደጋግሞ መጠየቅ አልፋውን ያሳድገዋል። ይሉኝታም ያሳድገዋል፦ የልማት ሠራተኛው አጠገብ ተቀምጦ «አዲሱ አሠራር ይጠቅማል ይላሉ?» ተብለው የተጠየቁ አባት ምን ይመልሱ? ለ12ቱም «በጣም እስማማለሁ»። አልፋው 0.93 ይወጣል፤ አራቱ ፋክተሮች እርስ በርስ 0.9 ይዛመዳሉ፣ ማለትም አራት ነገር መሆናቸው ቀርቷል። ይህን የሚያሳየው ኤችቲኤምቲ (ሁለት ፋክተሮች የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን የሚፈትሽ ቁጥር) ነው፤ ከ0.85 ካለፈ መጠርጠር ነው፣ 0.90ን ካለፈ ሁለቱን ፋክተሮች ለየብቻ መቁጠር አይቻልም።

በአሉታ የተጻፉ ጥያቄዎች ደግሞ የራሳቸው ችግር አለባቸው። «መደብ ማውጣት አይከብደኝም» ለሚለው የማይከብደው ሰው ቶሎ «አይ፣ አይከብደኝም» ይላል፤ ጠያቂው «አይ» የሚለውን ሰምቶ «አልስማማም» ላይ ምልክት ያደርጋል። ሲተነተን ሎዲንጉ ኔጌቲቭ ይሆናል፣ ወይም የአሉታ ጥያቄዎቹ ለብቻቸው ምንም ትርጉም የሌለው ፋክተር ይሠራሉ። ሶፍትዌር ይህን አያድንም፤ የሚድነው ከመስክ በፊት ነው። ለ8 ወይም ለ10 ገበሬዎች ጥያቄውን አንብቦ «ምን የጠየቅሁዎት ይመስልዎታል?» ማለት፤ አንዱ ጥያቄ ላይ ሦስት ዓይነት መልስ ከመጣ እንደገና መጻፍ። ሚዛኑን በሁለት እርምጃ መጠየቅ፦ መጀመሪያ «ይስማማሉ ወይስ አይስማሙም?»፣ ቀጥሎ «በጣም ነው ወይስ በመጠኑ?»። ማንበብ ለማይችሉ አምስቱን ደረጃ በአንድ ትንፋሽ ከማንበብ በእጅጉ ይሻላል። የልማት ሠራተኛው መንደሩን ያሳይ፣ ከቃለ መጠይቁ ግን ራቅ ይበል።

ከ100 ሰው 70ው አንዱ ደረጃ ላይ ከተከመረ፣ ዳታውን እንደ ተራ ቁጥር መቁጠሩም ይቅር፤ ደብሊውኤልኤስኤምቪ የተባለው ኦርዲናል (ደረጃን እንደ ደረጃ የሚቆጥር) ዘዴ ላቫን ውስጥ አለ፣ አሞስ ውስጥ የለም።

«ናሙናዬ 90 ነው፣ ስለዚህ ስማርት ፒኤልኤስ እጠቀማለሁ»

ትንሽ ናሙና በየትኛውም ሶፍትዌር ትንሽ ነው። ፒኤልኤስ (ስማርት ፒኤልኤስ የተባለው ሶፍትዌር የሚጠቀምበት ስሌት) በ90 ሰው ስሌቱን ሳይሰናከል ይጨርሳል፤ መጨረሱ ግን ያልተሰበሰበ መረጃ አይፈጥርም። የስህተት ወሰኑ ሰፊ ነው፤ ለተራ ፋክተር ሲውል ደግሞ ሎዲንጎቹን ከፍ፣ ቀስቶቹን ዝቅ የማድረግ ዝንባሌ አለው።

«የጎደለውን በአማካይ ሞላሁት»

ይህ ልማድ የመጣው ከራሱ ከአሞስ ይመስላል። ዳታው ውስጥ ባዶ ቦታ ካለ አሞስ በሙሉ መረጃ ማክሲመም ላይክሊሁድ (ባዶውን ሳይሞላ ባለው መልስ ሁሉ የሚገምት ዘዴ) መተንተን ይችላል፤ ግን ያኔ ሞዲፊኬሽን ኢንዴክስና ቡትስትራፕ (ከናሙናው ደጋግሞ ናሙና እየወሰዱ የስህተት ወሰን መገመት) ይከለክላል። ተማሪው ክልከላውን ለማለፍ ባዶውን በአማካይ ይሞላል። በአማካይ መሙላት ቫሪያንሱን ያሳንሳል፣ ተዛምዶውን ያደክማል፣ የስህተት ወሰኑን ያለ አግባብ ያጠባል። ላቫን ላይ ሙሉ መረጃ ዘዴውና ቡትስትራፑ አብረው ይሄዳሉ፤ በነፃም ይገኛል።

«ሶፍትዌሩ ውጤት ከሰጠ ችግር የለም»

የስህተት ቫሪያንስ −0.04 ወይም ስታንዳርዳይዝድ ሎዲንግ 1.03 ከታየ ውጤቱ ሊኖር የማይችል ነው። በሦስት ጥያቄ ፋክተርና በትንሽ ናሙና ይደጋገማል። ዜሮ ላይ አስሮ ማለፍ ምልክቱን መደበቅ ነው፤ መጀመሪያ ኮዲንጉን፣ ቀጥሎ የተደጋገመ ጥያቄ መኖሩን ማየት።

«የመንዝ አማካይ ከቀወት ይበልጣል» ብሎ በቀጥታ ማወዳደር

ደጋው መንዝ ገብስና በግ፣ ቆላው ቀወት ሽንኩርትና ማሾ። «አዲስ አሠራር ያዋጣል» የሚለው ጥያቄ በሁለቱ ቦታ አንድ ዓይነት ሚዛን ላይ መቆሙ አስቀድሞ መፈተን አለበት። ደረጃው ሦስት ነው፦ መጀመሪያ ቅርጹ አንድ መሆኑ፣ ቀጥሎ ሎዲንጎቹ እኩል መሆናቸው፣ ከዚያ ኢንተርሴፕቶቹ (የየጥያቄው መነሻ ነጥብ) እኩል መሆናቸው። በየደረጃው ሲኤፍአይ ከ0.01 በላይ ከወረደ ደረጃው አልታለፈም ይባላል። የቀስቶችን ጥንካሬ ለማወዳደር ሁለተኛው ይበቃል፤ አማካይ ለማወዳደር ሦስተኛው ግድ ነው። ሦስተኛው ላይ የወደቀው አንድ ጥያቄ ብቻ ከሆነ እሱን ለቅቆ የቀሩትን ማሰር ይቻላል፣ የትኛው ጥያቄ እንደሆነ እስከተገለጸ ድረስ። ሁለት ከሦስት ከወደቁ ግን ንጽጽሩ ይቀራል፤ ሠንጠረዡ ውስጥ ሁለቱ ወረዳዎች ለየብቻ ይቀርባሉ።