ውድ ሰንጢ ለቡፌ ነው ለኪስ?

ለገጣፎ ግንባታ አያልቅም። ገብተን ከኖርን ዓመታት ብናስቆጥርም ዛሬም የሚቆረጥ የውሃ ጎማ፣ ሲባጎ፣ የሲሚንቶ ከረጢት አይጠፋም። ስለዚህ ሰንጢ ከኪሴ አይለይም። አምና ወንድሜ ከአሜሪካ ሲመጣ ዋጋው የሚያስደነግጥ ሰንጢ አመጣልኝ። ሰፈሩ ሁሉ አስተያየት ሰጠበት። የሰማሁት ግን አብዛኛው ስህተት ነው።

«ይሄማ ቡፌ ውስጥ ይቀመጣል እንጂ ገመድ አይቆረጥበትም።»
ይህን ያሉኝ ጎረቤቴ ጋሼ ናቸው። ከታወቁት ውድ ሰንጢዎች አንዱ ሰበንዛ ይባላል፤ ከ400 ዶላር በላይ ይሸጣል። የጀመረው ክሪስ ሪቭ የደቡብ አፍሪካ ሰው ነው፤ ስሙንም ከዙሉ ቋንቋ ነው የወሰደው። ትርጉሙ «ሥራ» ነው። ስሙ ሥራ የሆነን ዕቃ ከእንግዳ ብርጭቆ ጋር መደርደር ትንሽ ያስቃል። ቢጫጫር ይጫጫር። የቀለም ቆርቆሮ መፈንቀያ ብቻ አታድርጉት፤ ውድም ይሁን ርካሽ ጫፉ ይሰበራል።

«ውድ ስለሆነ አይዶለድምም።»
እዚህ ላይ እኔም ተሸውጄ ነበር። የኔው ስለት ኤስ30ቪ ከሚባል ብረት የተሠራ ነው። ወደ 4 በመቶ ቫናዲየም የሚባል ንጥረ ነገር አለበት። ቫናዲየሙ ከካርቦን ጋር ሲዋሃድ በጣም ጠንካራ ቅንጣቶች ይፈጥራል። ስለቱን የሚያቆዩት እነሱ ናቸው። እውነትም ወራት ሙሉ ሳልስለው ከረጢት ቀደድኩበት። ጣጣው የመጣው ሲዶለድም ነው። የወጥ ቤት ቢላችንን የምንስልበት ድንጋይ ላይ ብስለው ብስለው ወይ ፍንክች! ለበዓል ሰሞን ቢላ እየሳለ ለሚዞር ልጅ ሰጠሁት። በሚሽከረከር ድንጋይ ደረቁን ያዘው። ብልጭታው ያምር ነበር። ጫፉ ግን ሰማያዊ ሆኖ ተመለሰልኝ። የስለት ብረት እንዲህ ሲግል ጥንካሬውን ያጣል። ዛሬም ያ ጫፍ ከሌላው ቀድሞ ይዶለድማል። በመጨረሻ ወንድሜ የአልማዝ ብናኝ ያለበት መሳያ ላከልኝ። ያ ነው የገላገለኝ።

«ርካሽ ከሆነማ ዕቃ አይደለም።»
ከውዱ ሰንጢ በፊት የያዝኩት ኦፒነል የሚባል ሰንጢ ነበር። ፈረንሳይ ውስጥ ከ1890 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይሠራል። እጀታው እንጨት ነው። ዋጋው ከሰበንዛ አንድ አሥረኛ እንኳ አይሞላም። ስለቱ ቀጭን ስለሆነ ብርቱካንና ካርቶን ላይ ከውዱ ይበልጣል፤ ዕውነቴን ነው። የካርቦን ብረት የሆነው ዓይነት ሎሚ ቆርጠው ሳይጠርጉ ካጠፉት ይጠቁራል፣ ይዝጋል። ግን ማንኛውም ደህና ድንጋይ ላይ በ5 ደቂቃ ይሳላል።

«ስቴንለስ አይዝግም።»
ይዝጋል፣ ዘግይቶ ነው እንጂ። ውስጡ ያለው ክሮሚየም የሚባል ንጥረ ነገር ይከላከልለታል። ጨውና እርጥበት ላይ ከቆየ ግን ነቁጥ ያወጣል።

«በጣም የተሳለ አደገኛ ነው።»
ዱልዱም ሲሆን ኃይል ይጨምራሉ። ኃይል ሲጨምሩ ያዳልጣል። ግራ አውራ ጣቴ ላይ ያለው ጠባሳ የዱልዱም ቢላ ሥራ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ወደ መሃል ከተማ ስወርድ ሁለቱንም ቤት እተዋቸዋለሁ። በየሕንፃው በር ላይ ለፍተሻ ሠራተኛ ስለ ቫናዲየም ማስረዳት አያዛልቅም።

በራሴ ብር ይህን ውድ ሰንጢ እገዛው ነበር? አልገዛውም። ኦፒነሉ ይበቃኝ ነበር። አንዴ ከመጣ ግን፣ ጋሼ እያዩ ትናንት የውሃ ጎማ ቆረጥኩበት።