«ይቀየር» ወይስ «ይቆይ»? ስለ ገዢ ፓርቲ መቀየር የምንሰማቸው የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ምርጫ በቀረበ ቁጥር ከአራት ኪሎ እስከ ለገሃር፣ ጀበና በተጣደበት ሁሉ አንድ ክርክር ይነሳል፦ ገዢው ፓርቲ ይቀየር ወይስ ይቆይ? መከራከሩ ደግ ነው። የሚያሰለቸው «ይቀየር» ባዩም «ይቆይ» ባዩም የሚጠቅሰው አሠራር የሌለ አሠራር መሆኑ ነው። ፓርላማው አፍንጫው ሥር ያለ ሰው፣ ጠቅላይ ሚኒስትር በምን መንገድ እንደሚመረጥ ሳያውቅ ሀገር ሲያፈርስና ሲገነባ ያረፍዳል። ለማን ድምፅ እንደምትሰጡ የራሳችሁ ጉዳይ ነው። ድምፃችሁ እንዴት እንደሚቆጠር ግን በግምት የሚወራ ነገር አይደለም፤ ተጽፎ ያለ ነው።

«እኔ የመረጥኩት ጠቅላይ ሚኒስትሩን ነው»

አልመረጣችሁም። በ2013 ምርጫ የጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ ስም የታተመው በጅማ ዞን በሻሻ በሚገኝበት ምርጫ ክልል ወረቀት ላይ ብቻ ነው። አዲስ አበባ ላይ ተሰልፎ ድምፅ የሰጠ ሰው የመረጠው የራሱን ምርጫ ክልል እጩ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው የወንበር ቆጠራ ነው፦ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 56 መሠረት በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ብዙ ወንበር ያገኘ ፓርቲ ወይም ጥምረት መንግሥት ይመሠርታል፤ በአንቀጽ 73 ደግሞ ምክር ቤቱ ከአባላቱ መካከል ጠቅላይ ሚኒስትሩን ይመርጣል። ወንበሩ 547 ስለሆነ ግማሹን የሚያልፈው ቁጥር 274 ነው። የአዲስ አበባ ድርሻ 23 ብቻ ነው። በ1997 ቅንጅት 23ቱንም ጠራርጎ ወሰደ፤ ኢሕአዴግ ግን በሀገር ደረጃ 327 ወንበር ተቆጥሮለት በሥልጣኑ ቀጠለ። «አዲስ አበባ ካለች አለቀ» የሚል ሰው ይህን ስሌት አንድ ጊዜ ወረቀት ላይ ቢያወርደው ይበቃዋል።

«ተቃዋሚ በበዛ ቁጥር ገዢው ይዳከማል»

እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ ከሁሉም በላይ የሚወራው ስህተት ይህ ነው። የሚያወሩትም በአብዛኛው ለውጥ የሚፈልጉት ራሳቸው ናቸው።

የኛ ምርጫ የአብላጫ ድምፅ ሥርዓት ነው። በአንድ ምርጫ ክልል ከተወዳደሩት መካከል ከሌላው የበለጠ ያገኘ ያሸንፋል። ከግማሽ በላይ እንዲያመጣ አይጠየቅም፤ ሁለተኛ ዙር የለም፤ ለሁለተኛ የሚሰጥ ማጽናኛም የለም። ለምሳሌ 30,000 ድምፅ የተሰጠበትን ምርጫ ክልል አስቡ። ገዢው ፓርቲ 11,000 አገኘ። ሦስት ተቃዋሚዎች ደግሞ 8,000፣ 6,500 እና 4,500 ተካፈሉ። 19,000 ሰው፣ ማለትም 63 በመቶው፣ ሌላ ፓርቲ መርጧል። ወንበሩን የሚወስደው ግን ገዢው ነው። ሁለቱ ተቃዋሚዎች ቀድመው ተስማምተው አንድ እጩ አቅርበው ቢሆን በወረቀት ላይ 14,500 ይሆኑ ነበር። አራተኛ ተቃዋሚ ቢጨመርስ? ገዢው ምናልባት 9,000 ይዞም ያሸንፋል። እንግዲህ መብዛቱ የጠቀመው ማንን ነው?

ይህን ስታስረዱ የሚመጣው መልስ የታወቀ ነው፦ «ታዲያ አብዛኛው ሕዝብ አልፈለገውም እኮ!» አዎ፣ አልፈለገውም። ቆጠራው ግን ማን እንዳልተፈለገ አይመዘግብም።

ኬንያን እዩ። እ.ኤ.አ. በ1992 ዳንኤል አራፕ ሞይ ከ40 በመቶ በታች በሆነ ድምፅ ፕሬዚዳንት ሆኑ፤ ማቲባ፣ ኪባኪና ኦጊንጋ ኦዲንጋ የቀረውን ተቀራመቱት። እ.ኤ.አ. በ1997ም ተቃዋሚው ተበታትኖ ስለገባ ሞይ 40 በመቶ ገደማ ይዘው ተመለሱ። እ.ኤ.አ. በ2002 ግን ተቃዋሚዎቹ ናርክ በሚባል ጥምረት ተሰብስበው ሙዋይ ኪባኪን ብቻ ሲያቀርቡ፣ ኪባኪ 62 በመቶ አገኙና ከነጻነት ጀምሮ የገዛው ካኑ ወረደ። እኛም ዘንድ ከዚህ የራቀ አልሆነም፦ ቅንጅት የመኢአድ፣ የኢዴፓ-መድኅን፣ የቀስተ ደመና እና የኢትዮጵያ ዴሞክራሲያዊ ሊግ ስብስብ ነበር። አራቱ ለየብቻ ቢወዳደሩ ኖሮ 23ቱንም ወንበር ያገኙ ነበር ብሎ የሚከራከር ካለ ስሌቱን ያሳይ። በ2013 ደግሞ በመላው ሀገሪቱ ከ40 በላይ ፓርቲዎች ቀረቡ፤ ድምፅ መስጫ ወረቀቱ ረዘመ እንጂ ፉክክሩ አልጠነከረም።

«እሺ፣ ይዋሃዱ» ማለት ግን ከቡና ጋር የሚጠጣ ወሬ ነው። ሥራው የት እንደሚበላሽ ይታወቃል። አንደኛ፣ ስምምነቱ መድረስ ያለበት የእጩዎች ምዝገባ ከመዘጋቱ በፊት ነው። ምርጫው ሳምንት ሲቀረው «ለእገሌ ለቅቄያለሁ» የሚል እጩ ስሙና ምልክቱ ወረቀቱ ላይ ታትሞ ይቀራል፤ ዜናውን ያልሰማ ደጋፊው እዚያው ላይ ምልክት ያደርጋል፤ ድምፁም ይበተናል። ሁለተኛ፣ ምልክት። ብዙ መራጭ የሚፈልገው የለመደውን ሥዕል ነው፤ አራት ፓርቲ ተስማምቶ አራት ምልክት ይዞ ከቀረበ አልተስማማም። ሦስተኛ፣ ድምፅ እንደ ብር አይደመርም። 6,500ው መራጭ ፓርቲው ከማይወደው ጋር ሲገጥም ከፊሉ ቤቱ ይቀራል፣ ከፊሉም ወደ ገዢው ይሄዳል። ስለዚህ ልዩነቱ ጠባብ በሆነበት ምርጫ ክልል ጥምረቱ ላያዋጣ ይችላል፤ ቀድሞ ሰፈር ለሰፈር መጠየቅ ያስፈልጋል። አራተኛውና የተለመደው፣ «ሊቀመንበሩ ማን ይሁን?» የሚለው ጠብ ነው። ለሱ መድኃኒት አልተገኘለትም።

«ይቆይ» የምትሉም በዚህ ሥርዓት አትተማመኑ። ያው ስሌት ዞሮ ገዢውን ይመታል። በቦትስዋና ከ1966 ጀምሮ ያለማቋረጥ የገዛው ቢዲፒ እ.ኤ.አ. በ2024 ምርጫ 30 በመቶ ገደማ ድምፅ አግኝቶ ከ61 ወንበር የደረሰው 4 ብቻ ነው። 37 በመቶ ገደማ ያገኘው የተቃዋሚዎች ጥምረት ዩዲሲ 36 ወንበር ወሰደ። ድምፁ በየቦታው በስሱ የተዘረጋ ፓርቲ በአንድ ቀን ሊጠፋ ይችላል።

«ገዢ ፓርቲ ከወደቀ ሀገር ይፈርሳል»

ቦትስዋና አልፈረሰችም። ፕሬዚዳንት ማሲሲ ቆጠራው ሳያልቅ ሽንፈታቸውን ተቀበሉ፤ ዱማ ቦኮ በቀናት ውስጥ ቃለ መሐላ ፈጸሙ። ጋና እ.ኤ.አ. በ2000፣ በ2008፣ በ2016 እና በ2024 አራት ጊዜ አፈራረቀች። ዛምቢያ እ.ኤ.አ. በ1991፣ በ2011 እና በ2021። ሀገር የሚጎዳው ተሸናፊው አልወጣም ሲል ወይም አሸናፊው የተሸነፈውን ሲያሳድድ ነው።

«ከዚህ የባሰ አይመጣም፣ ማንም ይምጣ» የሚለውም እኩል ስህተት ነው። ካኑን በደስታ የሸኘችው ያችው ኬንያ በአምስት ዓመቷ፣ ከእ.ኤ.አ. 2007ቱ ምርጫ በኋላ፣ ደም ፈሰሰባት። መቀየር ስለ ቀጣዩ ፓርቲ ጥራት ምንም አይነግራችሁም። ስለዚህ «ይቀየር» ከማለት በፊት የሚጠየቀው የሚመጣው ማን ነው፣ ለ274 ወንበር የሚበቃ እጩ አቅርቧል ወይ፣ የገንዘብ ሚኒስትር የሚሆን ሰው አለው ወይ የሚለው ነው። «ይቆይ» ባዩም ያለፉት አምስት ዓመታት ምን ቃል ተገብቶ ምን እንደተሠራ አንድ በአንድ ይቁጠር። ፓርቲን ስለለመዱት ማቆየት ስለሰለቹት ከማባረር አይሻልም።

«በምርጫው ማግሥት መንግሥት ይለወጣል»

2013ን አስታውሱ። ድምፅ የተሰጠው ሰኔ 14፣ ቦርዱ ውጤት ያሳወቀው ሐምሌ 3፣ መንግሥት የተመሠረተው መስከረም 24 ቀን 2014 ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ የምክር ቤቱ የሥራ ዘመን የሚጀምረው በመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ ነው። በመካከሉ ሦስት ወር ነባሩ መንግሥት ይሠራል።

ሰው የማያስተውለው ግን በጀቱን ነው። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይገባል፤ በጀቱን የሚያጸድቀው ተሰናባቹ ምክር ቤት ነው። ስለዚህ ሌላ ፓርቲ ቢያሸንፍ እንኳ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ሰኔ 30፣ ዘጠኝ ወር ሙሉ፣ የሚሠራው የተሸነፈው ፓርቲ በደለደለው ገንዘብ ነው። ተጨማሪ በጀት ማስጸደቅ ወይም ማዛወር ይችላል፤ የራሱን በጀት የሚያወጣው ግን በሚቀጥለው ዓመት ነው። «መጥተው ስድስት ወራቸው፣ ምንም አልለወጡም» የሚል ሰው ይህን ይወቅ።

«አዲስ ፓርቲ ከመጣ መሬት በግል ይሸጣል»

274 ወንበር ሕግ ያወጣል እንጂ ሕገ መንግሥት አይቀይርም። የመሬት ባለቤትነት ያለው በአንቀጽ 40፣ ማለትም በመብቶች ምዕራፍ ነው። በአንቀጽ 105 መሠረት ያን ምዕራፍ ለማሻሻል ሁሉም የክልል ምክር ቤቶች በድምፅ ብልጫ፣ የተወካዮችና የፌዴሬሽን ምክር ቤቶች ደግሞ እያንዳንዳቸው በሁለት ሦስተኛ ድምፅ መስማማት አለባቸው። አንድ ክልል እምቢ ካለ ቆመ።

«ፓርቲ የሚቀየረው በምርጫ ብቻ ነው»

በ2007 ለኢሕአዴግ ድምፅ የሰጠ መራጭ በ2012 የተወካዩ ፓርቲ ብልጽግና ሆኖ አገኘው፤ በመካከል ጠቅላይ ሚኒስትሩም ተቀይረው ነበር። ሁለቱም የሆነው ድምፅ ሳይሰጥ ነው፤ ሕጉም ይህን አይከለክልም።

«የወረዳው ጣጣ ፓርቲው ሲቀየር ይፈታል»

መታወቂያ ለማሳደስ ሦስት ቀን የተመላለሰ ሰው ንዴቱን የሚወጣው በፓርላማ እጩው ላይ ነው። ፓርላማው የወረዳ መስኮት አይከፍትም። የወረዳ ምክር ቤቶች ምርጫ ለመጨረሻ ጊዜ የተካሄደው በሚያዝያ 2005 ነው፤ በ2013 አዲስ አበቤ የመረጠው ለተወካዮች ምክር ቤትና 138 ወንበር ላለው የከተማው ምክር ቤት ብቻ ነበር። ከማዘጋጃ ቤቱ የምትጠብቁትን ከአራት ኪሎ አትጠብቁ፤ ሁለቱ ወረቀቶች የተለያዩ ናቸው፣ ለሁለቱ የተለያየ ፓርቲ መምረጥም ይቻላል። ከተማውና ፌዴራሉ በተለያየ ፓርቲ እጅ ሲሆኑ ግን አንቀጽ 49 የከተማ መስተዳድሩን ተጠሪነት ለፌዴራል መንግሥት እንዳደረገ አትርሱ። በ1997 ቅንጅት ከ138 ወንበር 137ቱን አሸንፎ ከተማዋን አላስተዳደረም፤ ከ1998 እስከ 2000 የቆየው በአቶ ብርሃነ ደሬሳ የተመራው ባለአደራ አስተዳደር ነው።

«ካርድ አለማውጣት ተቃውሞ ነው»

አይደለም። ከመጡት ይቆጠራል፤ የቀረ ሰው የሚያግዘው ከፊት ያለውን ነው።

«ወረቀቱ ላይ የልቤን ጽፌ እጥላለሁ»

ዋጋ የሌለው ድምፅ ተብሎ ለብቻ ይከመራል። ስድቡን የሚያነበው ለሊቱን ሙሉ የሚቆጥር፣ የደከመው የምርጫ አስፈጻሚ ብቻ ነው።

«ድሮ የተመዘገብኩበት ጣቢያ ስሜ አለ»

ይህ በተለይ ከፒያሳና ከካዛንቺስ ተነሥተው ገላን ጉራና አራብሳ ለገቡ ነው። ለየምርጫው እንደ አዲስ ይመዘገባል፤ መራጭ የሚመዘገበው ቢያንስ ስድስት ወር በኖረበት ምርጫ ክልል ነው። የድሮ ሰፈር ካርድ ይዞ በምርጫው ቀን ጠዋት ፒያሳ የሚመጣ ሰው የሚያገኘው የመኪና መንገድ ነው። የአዲሱን ሰፈር ጣቢያ ምዝገባው በተከፈተበት ሳምንት ጠይቁ፤ አንድ ጣቢያ የሚይዘው እስከ 1,500 ሰው ስለሆነ መጨረሻ ላይ የሚደርስ ወደ ሌላ ይላካል።

«ቁጥሩ የሚሠራው ላይ ቤት ነው»

ቆጠራው የሚጀምረው በየጣቢያው ነው፤ የሚጠበቀውም እዚያ ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ሳጥኑ ባዶ መሆኑ ለፓርቲ ወኪሎችና ለታዛቢዎች ታይቶ ይታሸጋል። ማታ ሲከፈት በመጀመሪያ የሚመሳከሩት ሁለት ቁጥሮች ናቸው፦ በመራጮች መዝገብ ላይ የፈረመው ሰው ብዛትና ከሳጥኑ የወጣው ወረቀት። ቀጥሎ ጣቢያው የተረከበው ወረቀት ከተሠራበት፣ ከተበላሸውና ከተረፈው ድምር ጋር እኩል መሆኑ ይታያል። ከዚያ ነው ለየእጩው የሚለየው። ውጤቱ በቅጽ ተሞልቶ ወኪሎች ይፈርሙና ቅጂው በጣቢያው ይለጠፋል፤ በመቀጠል ወደ ምርጫ ክልሉ ሄዶ ይደመራል።

የሚበላሸው ሁልጊዜ እዚህ ነው። ወኪሉ ከንጋት ጀምሮ ስላልበላ ማታ 2 ሰዓት ላይ ለራት ይወጣል፤ ሲመለስ ቅጹ ተሞልቷል፤ «ሁሉም ፈርሟል» ይሉታል፤ ይፈርማል። በማግሥቱ ፓርቲው ሲከስ ፊርማው ይወጣበታል። ወኪል የምትመድብ ፓርቲ ካለች በአንድ ጣቢያ ሁለት ሰው በፈረቃ ታዘጋጅ፤ እራት ትላክላቸው። ቅሬታ ያለው ወኪል ቅሬታውን እዚያው፣ በዚያው ማታ በጽሑፍ ያስመዝግብ፤ አቤቱታ ከጣቢያ ወደ ምርጫ ክልል፣ ከዚያ ወደ ቦርዱ የሚወጣው በወረቀት ነው። የተለጠፈውን ቁጥር እያንዳንዱን ገልብጦ ከምርጫ ክልሉ ድምር ጋር ማስተያየት ደግሞ ካልኩሌተር ያለው ማንም የሠፈር ወጣት በአንድ ከሰዓት የሚጨርሰው ሥራ ነው።